እሸት አይጠብቅም፦ ቁስ ማኅበረሰብን እንዴት እንደሚቀርጽ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጅማ ተወልጄ ያደግኩ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬን ‹ቁስ ማኅበረሰብን ይቀርጻል› በሚል ሐሳብ ላይ ልሠራ ነው። መምህሬ ፍልስፍናም የሳይንስ ልብ ወለድም አንብቢ አሉኝ፤ አነበብኩ፤ ግን ሁሉም ከእኔ ሰፈር የራቀ ሆነብኝ። ለመሆኑ ቁስ እውነት ሰውን ይቀርጻል? ወይስ ሰው ነው ቁስን እንደፈለገው የሚያደርገው? ከየትስ ልጀምር?»

እህቴ፣ እኔ እዚሁ ጅማ የቁስ ሳይንስ የማስተምር ሰው ነኝ። እንጀራዬ ብረት ለምን እንደሚዝግ፣ ሸክላ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ጣውላ ሲደርቅ ለምን እንደሚጣመም ማስረዳት ነው። ፍልስፍናው በትርፍ ሰዓቴ የያዘኝ ሱስ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ለጊዜው እናቆየውና ከእሸት ቡና እንጀምር።

በጥቅምትና በኅዳር ወደ ጎማ ወይም ወደ ማና ወረዳ ብትወጪ፣ አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ሚዛን ተሰቅሎ፣ ሰው ማዳበሪያውን ተሸክሞ ተሰልፎ ታያለሽ። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ቀን ሲለቀም የዋለ ቀይ እሸት ነው። ባለ ሚዛኑ ተዝናንቷል፤ የቸኮለው ሻጩ ነው። የእሸት ሥጋ ስኳር አለው፤ ስኳር ባለበት ደግሞ እርሾና ባክቴሪያ ሥራ አይፈቱም። ታፍኖ ያደረ ማዳበሪያ ውስጥ ጠዋት እጅሽን ብትከቺ ሙቀቱ ይሰማሻል፤ ሽታውም ጠላ ጠላ ይላል። ለታጠበ ቡና የሚሆን እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ካደረ ጣዕሙ ተበላሸ ማለት ነው፤ ማጠቢያ ጣቢያው ወይ ይመልሰዋል ወይ ዋጋውን ይሰብረዋል። ታዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋጋ የሚቆርጠው ማነው? ባለ ሚዛኑ ነው። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም የሻጩ የክርስትና አባት ወይም አማቹ ሊሆን ይችላል። ጉልበት የሰጠው የእሸቱ አለመጠበቅ ነው።

ያንኑ ፍሬ አሁን ወስደሽ፣ ከነሥጋው ከነቅርፊቱ ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጪው። ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ካገኘና ቶሎ ቶሎ ከተገላበጠ፣ ከ60 በመቶ በላይ የነበረው እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጀንፈል ሆነ። ጀንፈል ይጠብቃል። አፉ ታስሮ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ ልጅ ደብተርና ጫማ ሲፈልግ አንዱ ማዳበሪያ ይወርዳል፣ ሠርግ ሲመጣ ሁለቱ ይወርዳሉ። የዋጋ ወሬ መጥፎ ከሆነ ገበሬው «ቆይ እስቲ» ማለት ይችላል። እሸት የያዘ ሰው «ቆይ እስቲ» ማለት አይችልም። ዛፉ ያው ነው፣ ለቃሚው ያው ነው፣ ፍሬውም ያው ነው። የወጣው ውሃ ብቻ ነው፤ ውሃው ሲወጣ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ያለው የኃይል ሚዛን አብሮ ተለወጠ።

መልሴ ይኸው ነው፤ የቀረው ማፍታቻ ነው። ቁስ ማኅበረሰብን የሚቀርጸው ከሁሉ በላይ በጊዜው ነው፦ ምን ያህል ይቆያል፣ ለመድረቅ ስንት ቀን ይፈልጋል፣ ሲበላሽ ምን ያህል ይፈጥናል፣ እስኪደርስ ድረስ ማን መጠበቅ ይችላል፣ ማንስ አይችልም። መልኩን፣ ክብደቱን፣ ዋጋውን እንቆጥራለን፤ ቀኑን ግን እንረሳዋለን።

ማጠቢያ ጣቢያው ራሱ ሌላ ጊዜና ሌላ ቁስ ይጠይቃል። የተፈለፈለው ፍሬ ላይ የሚቀረው ልጋግ እንዲለቅ ገንዳ ውስጥ አንድ ቀን፣ ቦታው ብርዳም ከሆነም ሁለት ቀን ያህል ይብላላል። ከዚያ በውሃ ይታጠባል። ስለዚህ ጣቢያው የግድ ወንዝ ዳር ይተከላል፤ የወንዝ ዳር መሬት ያለው ሰው ሳያስበው ተፈላጊ ይሆናል፤ ከታች ያለው መንደር ደግሞ በለቀማ ወራት ከብቱን ጎምዛዛ፣ ቡናማ ውሃ ያጠጣል። በላይኛውና በታችኛው ሰው መካከል የሚነሣው ጠብ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ የሁለት ሰዎች ጠብ ይመስላል። ሦስተኛው ባለጉዳይ ልጋጉ ነው፤ እሱ ግን አይጠራም። ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው የራሳቸውን መፈልፈያ ሲተክሉ ሰው «ማሽን ገዙ» ይላል። እኔ ከአመሻሽ እስከ ምሽት ያለችውን ሰዓት ገዙ እላለሁ።

ይህን የጊዜ ነገር እኔ ራሴ የተማርኩት በኪሴ ከፍዬ ነው። ከዓመታት በፊት የጭቃ ቤት ገዛሁ፤ ግድግዳው የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ከዚያ ምርጊት። በየዓመቱ ልስኑን መጠገን ሰለቸኝና «አንዴ ልገላገል» ብዬ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። አስቢው፣ የቁስ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ! በመጀመሪያው ክረምት ቤቱ እንደ ሙሽራ አማረ። በሁለተኛው ክረምት ልስኑን ስታንኳኪው ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ይጮኻል። በሦስተኛው አንድ ገጽ ያህል ተገንጥሎ ወደቀ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ ረጥቦ ነበር፣ ቋሚዎቹ ከእግራቸው ላይ በስብሰው በጣት ይፈረፈራሉ። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ልስን የሚለስኑ ሽማግሌ መጥተው አዩና «ልጄ፣ ጭቃ ይተነፍሳል፤ አንተ አፉን ዘጋህበት» አሉኝ። ክፍል ውስጥ የማስተምረው ይህንኑ ነው፦ ጭቃ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ድርቅ ያለ ነው፣ የገባውን አያስወጣም፣ ሁለቱ ሲሞቁና ሲርሱ የሚለጠጡትም እኩል አይደለም። በጅማ ዝናብ ይህን መዘንጋት ድፍረት ነው።

የከፈልኩት ገንዘብ ነው፤ ያጣሁት ግን ሌላ ነው። የጭቃ ቤት በየዓመቱ ጥገና ስለሚፈልግ በየዓመቱ ሰው ይሰበሰባል። ጭቃው ከጭድ ጋር ይረገጣል፣ ቀናት ቆይቶ ይቦካል (ለጭቃውም ለእንጀራውም አንድ ግስ ነው ያለን)፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ቡና ይፈላል። ግድግዳው ስለሚፈርስ ጉርብትናው ይታደሳል። ሲሚንቶ የለሰንኩ ዓመት ማንንም አልጠራሁም።

አሁን ወደ ፍልስፍናው። «ቁስ አካል» የሚለው ቃል ለወላጆችሽ ትውልድ የካድሬ ስብሰባ ሽታ አለው፤ እንደዚያ ተደጋግሞ ነው የተነገረው። ቃሉን ከዚያ ሽታ ማላቀቅ ይገባናል። ወደ ሥሩ ብትወርጂ የምታገኚው የአናጢ ግቢ ነው። አርስቶትል ቁስን የጠራበት የግሪክ ቃል «ሂሌ» ነው፤ ከእሱ በፊት ቃሉ ደን፣ የሚጠረብ እንጨት ማለት ነበር። ሮማውያን «ማቴሪያ» ያሉትም እንደዚሁ መጀመሪያ ለግንባታ የሚሆን እንጨት ነው። ፈላስፋው ስለ ዓለም ሁሉ ሲያስብ ዓይኑ ፊት የነበረው ሥዕል ይህ ነው፦ ግንድ ተጋድሟል፣ አናጢው ቅርጹን በሐሳቡ ይዟል፣ ቅርጹን ግንዱ ላይ ያሳርፋል። ቁስ ዝም ብሎ ይቀበላል።

የጅማ በርጩማ የሚጠርብ ሰው ይህን ቢሰማ የሚስቅ ይመስለኛል። በርጩማው የሚወጣው ከአንድ ግንድ ነው፤ ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ግንዱ ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው፣ የሚጠረበውም እርጥብ ሳለ ነው፤ እርጥብ እንጨት ለመጥረቢያ ይለዝባል። ነገር ግን እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ያውም እኩል አይሸበሸብም፤ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚሸበሸበው ከእምብርት ወደ ዳር ከሚሸበሸበው እጥፍ ገደማ ነው። የግንዱ እምብርት መቀመጫው መሐል ከገባ ስንጥቁ አይቀርም። ስለዚህ የሚያውቅ ጠራቢ እምብርቱን ሸሽቶ ይጠርባል፤ ሲጨርስም ፀሐይ አያስመታውም፣ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተወዋል። ቅርጹ ገና ከመጥረቢያው በፊት እንጨቱ ውስጥ ግማሹ ተወስኗል ማለት ነው። ሦስት እግሩስ? ወለሉ የቱንም ያህል ጎርበጥባጣ ቢሆን ሦስት እግር አይነቃነቅም። አራት እግር ያለው ወንበር ሊሾ ወለል ይፈልጋል፤ ሊሾ ደግሞ ሲሚንቶ ይፈልጋል፣ ሲሚንቶ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። አንዲት የጅማ በርጩማ የአፈር ወለል ያለው ቤት ሥዕል ናት ብትዪ አልከራከርሽም።

ይህን አሮጌ የቅርጽና የቁስ ታሪክ በደንብ የተከራከረው ፈረንሳዊው ዢልቤር ሲሞንዶን ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው አንድ ተራ ጡብ አንሥቶ ይመረምራል። ጭቃው «ጥሬ» አይደለም፤ ተለቅሟል፣ ተረግጧል፣ ቦክቷል። ቅርጽ ማውጫው ሣጥንም «ሐሳብ» አይደለም፤ እሱም እንጨት ነው፣ ጭቃው እንዳይጣበቅበት የተዘጋጀ። ጡቡ የሁለቱ ግፊያ ውጤት ነው። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ ቅርጽ ያዛል፣ ቁስ ይታዘዛል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከሠሪው አይደለም፤ ከአዛዡ ነው። አዛዡ ከደጅ ሆኖ ጭቃ ሲገባና ጡብ ሲወጣ ያያል፤ በመካከል ያለው እጅ፣ በመካከል ያለው የጭቃ ጠባይ አይታየውም። እኔ ካነበብኳቸው ፈላስፎች ሁሉ ለእኛ አገር የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል፤ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

ለምን አትዪኝም? በእኛ አገር ጭቃ፣ ብረት፣ ቆዳና ክር የነካ እጅ ሲናቅ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛውን በሥራው እየሰደባችሁ፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አታዋርዱ ማለት ነበረባቸው። አዋጅ ያስፈለገው ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። ከቁስ ጋር በቅርብ የሚኖረው ሰው፣ የቁስን ጊዜ የሚያውቀው ሰው፣ ከገበታ ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር። በጅማ አካባቢም ሸክላ የሠሩና እንጨት የጠረቡ ሰዎች ከዚህ ንቀት አላመለጡም። ደግሞም ቋንቋችን ለዚያው ሰው «ባለ እጅ» የሚል ቆንጆ ስም ነበረው፤ እጅ ያለው!

ማርክስን ማለፍ አይቻልም፣ ግን ብዙ አልቆይበትም። በ1847 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሐሳብ አለ፤ የእጅ ወፍጮ ባላባት ያለበትን ማኅበረሰብ ይሰጣል፣ የእንፋሎት ወፍጮ ደግሞ ካፒታሊስት ያለበትን። እውነት አለበት። ሌሊቱን ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ ለምትፈጭ ሴት ወፍጮ ቤት መከፈቱ ከብዙ አዋጅ ይበልጣል። ነገሩን እንደ ቀጥተኛ መስመር ለሚይዘው ግን ጅማ ራሷ ታፈርስበታለች። አፈሩ ያው ቀይ አፈር፣ ዝናቡ ያው፣ ደኑ ያው። በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ ሂርማታ ገበያ ቡና፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰውም ጭምር የሚሸጥበት ነበር። ከዚያ ጣሊያን መጥቶ ከተማዋን በፕላን ከፋፈለ፤ ከዚያ የመንግሥት እርሻ መጣ፤ ከዚያ ማኅበራትና ላኪዎች። በዚያው አፈር ላይ ይህ ሁሉ ሥርዓት ተፈራረቀ። ቁስ ሰዓቱን ይሰጣል፤ በሰዓቱ ማን እንደሚያዝ ግን ሰዎች ተጣልተውም ተዋውለውም ይወስናሉ።

ገንዘብ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ከአፋር በረሃ የተቆረጠ አሞሌ ጨው ከተራራ ተራራ ተሻግሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ በዘለቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ከተሰበረ ዋጋው ይወድቃል፣ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፣ ክፉ ቀን ከመጣ ወጥ ውስጥ ይገባል። የሚበላ ገንዘብ ነው። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት እንደ ምክር ብቻ ነው የምንሰማው፤ እኔ ስለ ገንዘብ ጠባይ የተነገረ ይመስለኛል። ከጎኑ ደግሞ ማሪያ ቴሬዛ ብር ነበረ፤ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ በየትኛውም ዓመት ይመታ 1780 የሚል ቁጥር የያዘ። ለብሩ ዘመን ቆሞለታል። ቀብረሽው ከሃያ ዓመት በኋላ ብታወጪው ያው ብር ነው። አሞሌን ሃያ ዓመት በጅማ እርጥበት ውስጥ ቅበሪና ውጤቱን ንገሪኝ። ሀብትን ለልጅ ልጅ ማቆየት የቻለው የትኛውን የያዘ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ብሩኖ ላቱር የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ደግሞ ስለ ሆቴል ቁልፍ ጽፏል። የሆቴሉ ባለቤት «ቁልፉን መልሱ» ብሎ ቢለጥፍ እንግዳው ይዞት ይሄዳል፤ ቁልፉ ላይ ከባድ ነገር ቢያንጠለጥልበት ግን እንግዳው ራሱ ይመልሰዋል፣ ኪሱን ከብዶታልና። በእኛ ሆቴሎችም ጡጫ የምታህል እንጨት የተንጠለጠለችበት ቁልፍ ታውቂያለሽ። ሥነ ምግባሩ እንጨቷ ውስጥ ገብቷል።

ጀበናም እንዲሁ ነው፣ የእሷ ግን ይረቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስንል የምንቆጥረው ያንኑ አተላ ሦስት ጊዜ ማፍላትን ነው። ከዱቄቱ የሚሟሟው በየዙሩ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሸክላው ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ አተላው እስኪረጋ ጀበናዋ ማቶቷ ላይ ትቆያለች። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከጎረቤቷ የተጣላች ሴት አቦሉ ላይ ዝም ትላለች፣ ቶናው ላይ ታጉረመርማለች፣ በረካው ላይ ትታረቃለች። ማኪያቶ በማሽን ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ለማስታረቅ አይበቃም።

ሥነ ጥበቡን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በዚህ ዓይን አንዴ እዪው ብቻ። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሰበሰባቸውን የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችና ባለ ቀለም ሽቦዎች ሲጠላልፍ ሰው «ከቆሻሻ ውበት አወጣ» ይላል። ይህ አባባል ያሳንሰዋል። እነዚያ ሰሌዳዎች ዕድሜያቸውን የጨረሱት ስለተሰበሩ ላይሆን ይችላል፤ አዲስ ሞዴል ስለወጣ ነው። መዳብና ወርቅ ገና ምንም አልሆኑም፤ የሞተው ሞዴሉ ነው። ሠዓሊው በፋብሪካ ቀን የተቆረጠበትን ቁስ በክር መጥለፊያ ፍጥነት፣ በወራት ሥራ፣ ወደ ሌላ ጊዜ ይመልሰዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከመስከረም አሰግድ ጋር አዲስ አበባ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ከዚያ ተመልሰሽ ጅሬን ኮረብታ ላይ ውጪ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨትና ጭቃ ነው። ድንጋይ ቤተ መንግሥት ንጉሡ ከሞተም በኋላ ይቆማል፤ የእንጨትና የጭቃ ቤተ መንግሥት ግን የሚቆመው የሚመርገው ሰው እስካለ ነው። በዘመኑ ብዙ እጅ የሚያዝ ንጉሥ ነበረ፤ ዛሬ በጀትና ባለሙያ ይጠበቃል። ሰገነቱ ላይ ቆመሽ የተላላጠ ልስን ብታዪ «ቅርስ ተረሳ» ብለሽ ከማዘንሽ በፊት፣ በዚያ ግድግዳ ላይ በየዓመቱ እጃቸውን ያሳረፉትን ሰዎች ቁጠሪ።

የሳይንስ ልብ ወለድ አብዛኛው ቁስን ይለውጥና ባለቤትነቱን እንዳለ ይተዋል፤ እኔ ይህን እንደ ጉድለት አየው ነበር። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ኤች ጂ ዌልስ በ1901 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታሪክ የምድርን ስበት የሚጋርድ ቁስ ይፈጠራል፤ ሰው ወደ ጨረቃ ሊሄድበት ነው። ተራኪው ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚያልመው ግን ስለ ኩባንያና ስለ ትርፍ ነው። ዌልስ የሚስቀው በእሱ ላይ ነው፤ ባለቤትነቱን እንዳለ የተወው ሆን ብሎ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በተቀረጸ አንድ ፊልም ደግሞ ዓለም ካለፈች በኋላ የዘመናችን ርካሽ የፕላስቲክ መጫወቻዎች እንደ ውድ ቅርስ ይያዛሉ። ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲክ ከኛ በላይ ይኖራላ! ደግሞ እኛም ብንሆን አዲስ ቁስ ሲመጣ በአሮጌ ስም ነው የምንቀበለው፤ የሙዚቃውን ዲስክ «ሸክላ» ያልነው፣ ሲወድቅ እንደ ሸክላ ስለሚሰበር ይመስለኛል።

አንቺ ግን የራስሽን ጻፊ። እኔ ክፍል ውስጥ የምሰጠው መልመጃ አለ፦ አንድ ጠዋት በጎማዋ ከተማ በአጋሮ እሸት ቡና መበስበስ ቢያቆምስ? ሌላ ምንም አትለውጪ። በመጀመሪያው ሳምንት ባለ ሚዛኑ አመሻሽ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ሻጭ አልመጣም። የአይሱዙ ሾፌሩ ማታ ቤቱ ይተኛል። በሁለተኛው ወር ቆጥ ይሰበራል፤ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ እሸት ማከማቸት ቦታ ይፈጃል። ሰፊ መጋዘን ያለው ሰው ኪራይ ይጀምራል፤ የትናንቱ ባለ ሚዛን የዛሬ ባለ መጋዘን ሆነ። በዓመቱ ደቦው ይቀዘቅዛል፤ ዛሬ ካልተለቀመ የሚል አስቸኳይ ነገር የለማ። ልጆች በኅዳር ከትምህርት ቤት አይቀሩም። ማጠቢያ ጣቢያው ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፣ ስለዚህ ወንዙ በለቀማ ወራት ብቻ መቆሸሹ ቀርቶ ውሃው በሚያንስበት በበጋም ይቆሽሻል። ተማሪዎቼ እስከዚህ ድረስ በደስታ ይመጣሉ። ከዚያ እጠይቃቸዋለሁ፦ ማንም መሸጥ ካልተጣደፈ፣ መጀመሪያ የሚሸጠው ማነው? ዝም ይላሉ። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ዕዳ ያለበት» አለች። እሸቱ ባይበሰብስም ቀኑ ይበሰብስበታላ።

የጥያቄሽ ሁለተኛው ግማሽ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ሰው ቁስን እንደፈለገው አያደርገውም፤ ግን እሱም በተራው ለነገሮች ቀን ይቆርጥላቸዋል። ወለድ፣ የፈቃድ ማብቂያ፣ የውል ቀን ሰው የሠራቸው መበስበሶች ናቸው። የቁስ ጊዜና የሰው ጊዜ በሚጋጩበት ቦታ ማኅበረሰብ ቅርጹን ይይዛል፤ ከአጋሮው ሚዛን አጠገብ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ይህ ሩቅ ልብ ወለድ እንዳይመስልሽ። በ2021 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ የሚገኘው ቪቲቲ የምርምር ማእከል የቡና ሴሎችን ባዮሪአክተር በሚባል ጋን ውስጥ አሳድጎ፣ ቆልቶ፣ አፍልቶ ቀምሷል። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም፣ ለቀማ የለም፣ ኅዳር የለም። ተማሪዎቼ ስለዚህ ሲሰሙ የሚጠይቁት «ጣዕሙስ?» ብለው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ጋኑ መብራት፣ ስኳርና ንጽሕና ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ የሚበሰብሰው ያ ነው። እሸቱ እንደገና አይጠብቅም፤ ሚዛኑ ግን ከአጋሮ ተነሥቶ ሌላ አገር ተሰቅሏል።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ሥራሽን በጽሑፍ አትጀምሪ። በለቀማ ወራት ሦስት ማዳበሪያ አምጪ። በአንዱ ዕለቱን የተለቀመ እሸት ሙይ፣ በሌላው ጀንፈል፣ በሦስተኛው አሞሌ ጨው። አዳራሹ ውስጥ እኩል መብራት ሥር አስቀምጫቸውና ለሳምንት ተያቸው። በየማዳበሪያው ላይ የዕለቱን ዋጋ በየቀኑ ለጥፊ፤ ዋጋውንም እውነተኛ ነጋዴ ይቁረጠው፣ አንቺ አትቁረጪው። በሩ አጠገብ ሦስት እግር ያላት በርጩማና አራት እግር ያለው የፕላስቲክ ወንበር አድርጊ፣ ከሥራቸው ጎርበጥባጣ አፈር አልብሺ፣ ተመልካቹ የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ አስተውዪ። እሸቱ መሽተት የሚጀምረው በሁለተኛው ቀን ነው፤ የአዳራሹን ኃላፊ አስቀድመሽ አነጋግሪ።